ሰኔና ሰኞ ሲገጥም፦ ምርጫና ፈተና በአንድ ሰሞን

ሀገሬው ሁለት ከባድ ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣበት «ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ» ይላል። በ2013 ዓ.ም. አባባሉ ለብዙ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቃል በቃል የደረሰ ይመስል ነበር። ለ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ የተሰጠበት ቀን ሰኔ 14 ሲሆን ዕለቱም ሰኞ ነበር። ሰኔ አርሶ አደሩ በሬዎቹን የማያሳርፍበት ወር ነው፤ ተማሪውም ከደብተሩ ቀና የሚልበት ጊዜ አያገኝም።

አንበሳሜ በደቡብ ጎንደር ዞን የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ይደረስባታል። ከከተማዋና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች የሚወጡ ወጣቶች በባሕር ዳር፣ በደብረ ታቦርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም በወረታ ግብርና ኮሌጅ ይማራሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግብርና የሚያስተምርበት የዘንዘልማ ግቢ የሚገኘውም በዚሁ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ለእነዚህ ተማሪዎች ቤታቸው ቅርብ ነው፤ ሆኖም በፈተና ሳምንት ቅርቡም መንገድ ይርቃል። ምደባው ጅማ ወይም ሐዋሳ የሆነበት ተማሪ ደግሞ ለአንድ ቀን ቤቱ ደርሶ መመለስ ጭራሽ አይችልም።

ታዲያ ተማሪው ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ይሆንበታልን? አይሆንበትም። ይሁን እንጂ ሁለቱንም የሚያድነው በድምፅ መስጫው ቀን የሚያደርገው ሩጫ አይደለም፤ ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ የሚሠራው ሥራ ነው።

ለምን ይገጥማሉ?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየ5 ዓመቱ እንዲመረጡ ያዛል። ያለፉትን ጠቅላላ ምርጫዎች ቀን መለስ ብለን ብናይ ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ግንቦት 16 ቀን 2007 እና ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ናቸው። አራቱም በጋው አልቆ ክረምቱ በሚገባበት ሰሞን የዋሉ ናቸው። ከ1997 እስከ 2007 ያሉት ሦስቱ እሑድ ቀን በመዋላቸው ከትምህርት ክፍለ ጊዜ ጋር በቀጥታ አልተጋጩም፤ የ2013ቱ ግን በሥራ ቀን ዋለ።

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ይህ ወቅት የሁለተኛው ሴሚስተር ዋና ጊዜ ነው። ትምህርት በወቅቱ በተጀመረበት ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ይቃረባል። በወረርሽኝ ወይም በጸጥታ ችግር ምክንያት በዘገየበት ዓመት ደግሞ ተማሪዎች «ሚድ» የሚሉት የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና በዚሁ ሰሞን ይወድቃል። በደራ ገጠር ያለው ቤተሰብም በዚያው ሳምንት የዳጉሳና የበቆሎ ማሳውን ይዟል፤ የልጁን ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚገጥሙት ነገሮች ሁለት ብቻ ሳይሆኑ ሦስት ናቸው፤ ምርጫው፣ ፈተናውና እርሻው።

ድምፅ የሚያመልጠው በምዝገባው ነው

የዚህ ዘገባ ጸሐፊ በግብርና ኮሌጅ ሳለ አብሮት የሚማር አንድ ጓደኛ ነበረው። ምዝገባ መጀመሩን ሲሰማ «አባቴ ያስመዘግበኛል» ብሎ ተቀመጠ። አባቱም የልጃቸውን መታወቂያ ቅጂ ይዘው በቀበሌያቸው ወዳለው ምርጫ ጣቢያ ሄዱ። የምዝገባ ሠራተኞቹ በአክብሮት ተቀብለው «አባቴ፣ ልጁ ራሱ መምጣት አለበት» አሏቸው። መልእክቱ ለልጁ ሲደርሰው የአጋማሽ ፈተናው ሊጀመር ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ፈተናውን መረጠ፤ ምዝገባው አለፈው። በድምፅ መስጫው ቀን ሙሉ ጊዜ ነበረው፤ ካርድ ግን አልነበረውም።

ሠራተኞቹ ያሉት ትክክል ነበር። በወቅቱ መራጭ የሚመዘገበው በአካል ቀርቦ ነበር፤ አባት ለልጅ፣ ባል ለሚስት መመዝገብ አይችልም ነበር። በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ቀን ዕድሜ 18 ዓመት መሙላት እና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። አንድ ሰው የሚመዘገበው በአንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ድምፅ የሚሰጠውም በተመዘገበበት ጣቢያ እንጂ በዕለቱ በተገኘበት ቦታ አይደለም።

ከእነዚህ ነጥቦች ተማሪን ብዙ ጊዜ የሚያሰናክሉት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የመኖሪያ ጊዜው ነው። በዓመቱ አጋማሽ ወደ ግቢ የገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ምዝገባው ሲከፈት በከተማዋ ገና 6 ወር አልሞላው ይሆናል። ሁለተኛው ማስረጃ ነው። የቀበሌ መታወቂያውን ቤት ትቶ የመጣ ወይም ጊዜው ያለፈበት ተማሪ ማሳደሱን በፈተና ሰሞን ማሰብ ከጀመረ ዘግይቷል።

የት ይመዝገብ?

ተማሪው ለመመዝገብ ከሦስት መንገዶች አንዱን ያገኛል።

ቤቱ ቅርብ የሆነና ለበዓል ወይም ለሴሚስተር እረፍት የሚመለስ ተማሪ ጊዜው ከምዝገባው ጋር ከገጠመለት በትውልድ ቀበሌው መመዝገብ ይችላል። ይህን ከመረጠ ግን በድምፅ መስጫው ቀን ሁለተኛ ጉዞ እንደሚጠብቀው አይርሳ። የትራንስፖርቱን ገንዘብ ማዘጋጀትና መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማርና 6 ወር የሞላው ተማሪ በሚኖርበት ቀበሌ ቢመዘገብ ከጉዞ ይድናል። በፈተና ማግስትም ሆነ በፈተና ዋዜማ ጣቢያው በእግር የሚደረስበት ይሆናል።

በግቢ የሚያድር ተማሪ ደግሞ ተቋሙን ይጠይቅ። አዋጁ ከመኖሪያቸው ርቀው በካምፕ ለሚኖሩ ዜጎች፣ ለምሳሌ ለመከላከያ ሠራዊት አባላትና ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች፣ ልዩ ምርጫ ጣቢያ የሚቋቋምበትን መንገድ ከፍቷል። የት እንደሚቋቋምና በየትኛው ቀን እንደሚሠራ የሚወስነው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። በልዩ ጣቢያ የሚመዘገብ ተማሪ ድምፁ ለየትኛው ምርጫ ክልል እንደሚቆጠር በምዝገባው ዕለት ጠይቆ ይረዳ። ስለ አንበሳሜ መንገድና ውኃ የሚያስብ ወጣት ድምፁ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ይገባዋል።

ፈተናውስ?

ምዝገባው ካለቀ የቀረው የጊዜ አከፋፈል ነው። ድምፅ መስጠት በራሱ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጊዜ የሚበላው ሰልፉ ነው። ምርጫ ጣቢያዎች በመደበኛው አሠራር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ሰልፉ ስለረዘመ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ እንደነበር ይታወሳል። ስለዚህ ተማሪው ለዚያ ቀን ትልቅ የጥናት ዕቅድ ባይይዝ ይመረጣል። ከባዱን ጥናት ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ በየቀኑ ከፋፍሎ ቢያነብ በዕለቱ የሚቀረው ማስታወሻ መከለስ ብቻ ይሆናል፤ ያን ደግሞ በሰልፍ ላይም ማድረግ ይቻላል።

ዕጩዎችን ማወቅም ጊዜ ይፈልጋል። ሕጉ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት 4 ቀናት የምርጫ ቅስቀሳ እንዳይደረግ ይከለክላል። እነዚያ ቀናት ለመራጩ የማሰቢያ፣ ለተማሪው ደግሞ የጥናት ጸጥታ ናቸው። የፓርቲዎችን አማራጭ ከዚያ በፊት አዳምጦ የጨረሰ ተማሪ አራቱን ቀን ለደብተሩ ይሰጣል።

ፈተናው ከድምፅ መስጫው ቀን ጋር ፊት ለፊት ቢገጥም ተማሪው ዝም ማለት የለበትም። የክፍሉ ተጠሪ ወይም የተማሪዎች ኅብረት የትምህርት ክፍሉን በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ ጥያቄውም የፈተና መርሐ ግብሩ እንደወጣ ወዲያው ቢቀርብ፣ ቀን ማሸጋገር ቀላል ነው። በፈተናው ማለዳ የሚቀርብ ጥያቄ ግን እንደ ሰበብ ይቆጠራል። ሳያሳውቅ ከፈተና የቀረ ተማሪ የማካካሻ ፈተና ላያገኝ ይችላል።

የሌላ ሀገር ልምድም አለ። በአሜሪካ የምርጫው ዕለት በኅዳር ወር መጀመሪያ ማክሰኞ እንዲሆን የተደነገገው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 ነው። ያ ወር የተመረጠው ገበሬው አዝመራውን ሰብስቦ የሚያርፍበት፣ መንገዱም በክረምት ሳይበላሽ የሚኬድበት ጊዜ ስለሆነ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ያ ወቅት ለተማሪዎቻቸው የሴሚስተር አጋማሽ ሆኗል። በዚህም የተነሳ እንደ ኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በምርጫው ቀን ትምህርት አይሰጡም፤ ከቤቱ የራቀ ተማሪም ድምፁን በፖስታ መላክ ይችላል። በእኛ ሀገር ድምፅ የሚሰጠው በአካል በመሆኑ የተቋማት መርሐ ግብር ከምርጫው ጋር መናበቡ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የወላጅ ድርሻ

በገጠር ያለ ወላጅ ልጁን ለማስተማር የሚከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። በሬ የሸጠ አለ፤ ማሳውን የእኩል የሰጠ አለ። ስለዚህ «ልጄ ትምህርቱን ይያዝ፣ ምርጫው ይቅርበት» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ከቤቱ ሁሉ ብዙ ያነበበው፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ መስኖ የሚሰጡ ተስፋዎችን መዝኖ ሊጠይቅ የሚችለው ይኸው ልጅ ነው። እርሱ ድምፅ ሳይሰጥ ሲቀር የሚጎድልበት ቀበሌውም ጭምር ነው።

ወላጅ ሊያግዝ የሚችለው በቀላል ነገሮች ነው። ምዝገባ መከፈቱን በሬዲዮ ሲሰማ ለልጁ ስልክ መደወል፤ መታወቂያው ቤት ከቀረ በሚታመን ሰው መላክ፤ ለእርሻ ሥራ የሚፈልገው ከሆነ ከፈተናው በኋላ እንዲመጣ መፍቀድ። አንድ ነገር ደግሞ ሊተው ይገባል፤ ማንን መምረጥ እንዳለበት ማዘዝ። ሕገ መንግሥቱ ድምፅ በምሥጢር እንዲሰጥ የሚደነግገው በአባትና በልጅ መካከልም ጭምር ነው። መመካከር መልካም ነው፤ ውሳኔው ግን የካርዱ ባለቤት ነው።

የጤፍ ማሳ ዘር ከመውረዱ በፊት ደጋግሞ እንደሚታረስ የደራ አርሶ አደር ያውቃል። የመጀመሪያውን እርሻ ያለፈው ሰው በዘር ቀን ቢተጋም ማሳው አረም እንጂ እህል አይሰጠውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በፈተና ሳምንት የሚታሰብ ምርጫም፣ በምርጫ ሳምንት የሚጀመር ጥናትም አያዛልቅም። ከ2013 የተቆጠረው 5 ዓመት 2018 ዓ.ም. ላይ ያደርሰናል። ቦርዱ የምዝገባውን ቀን ባሳወቀ ዕለት በአንበሳሜ ያለች እናት ዘንዘልማ ላለው ልጇ ደውላ ሁለት ጥያቄ ብትጠይቀው ይበቃል፦ «መታወቂያህ በእጅህ ነው? ፈተናህስ መቼ ነው?»