ከፍለው የሚያዳምጡት ራዲዮ ስለ ምን ማስታወቂያ ያሰማል?

በዩናይትድ ስቴትስ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ወራት ያለ ክፍያ የሚሠራ የሳተላይት ራዲዮ ከመኪናው ጋር ያገኛል። የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ ኩባንያው በደብዳቤና በስልክ ደንበኛውን ይጠራል። ቀኑን በመሪ ላይ የሚያሳልፉ በርካታ ወገኖቻችን፣ ታክሲ ነጂዎችም ሆኑ በረጅም መንገድ ጭነት የሚያመላልሱ፣ ይህን ጥሪ በሚገባ ያውቁታል። ውል ገብተው መክፈል ከጀመሩ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። በየወሩ የሚከፈልበት ራዲዮ የዜናና የስፖርት ዝግጅቱን እያቋረጠ ማስታወቂያ የሚያሰማው ለምንድን ነው?

መልሱ ከአገልግሎቱ አመሠራረት ይጀምራል። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1997 ለሳተላይት ራዲዮ ሁለት ፈቃዶችን በጨረታ ሸጠ፤ እያንዳንዱ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። አንደኛው ፈቃድ በኋላ ኤክስኤም ለተባለው፣ ሁለተኛው ሲሪየስ ለተባለው ኩባንያ ሆነ። መቀመጫውን በዋሽንግተን ያደረገው ኤክስኤም በ2001 በወር 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሥርጭት ሲጀምር፣ ከሙዚቃ ጣቢያዎቹ የተወሰኑት ማስታወቂያ ነበረባቸው። በ2002 የተከተለው ሲሪየስ 12 ዶላር ከ95 ሳንቲም ጠየቀ፤ ሙዚቃው ግን ከማስታወቂያ ነጻ እንደሚሆን ቃል ገባ። ኤክስኤም በ2004 መጀመሪያ ማስታወቂያውን ከሙዚቃ ጣቢያዎቹ አስወገደ፤ በዓመቱ ዋጋውን ከተፎካካሪው ጋር እኩል አደረገ። ከማስታወቂያ የመገላገል ዋጋ በወር ሦስት ዶላር ያህል ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ልብ ሊባል የሚገባው ቃል ኪዳኑ ከመጀመሪያውም ሙዚቃን ብቻ የሚመለከት መሆኑ ነው። የዜና፣ የስፖርትና የውይይት ጣቢያዎች በዚህ ውስጥ አልተካተቱም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በሳተላይቱ ከሚተላለፉት የዜናና የስፖርት ጣቢያዎች ብዙዎቹ የሌሎች ድርጅቶች ዝግጅቶች ናቸው። የታወቁ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ድምፅ ሲተላለፍ ማስታወቂያውም አብሮ ይመጣል። ኤክስኤም ራሱ ከቀድሞ ባለድርሻው ከክሊር ቻናል ጋር በነበረው ውል ሳቢያ በ2006 በጥቂት የሙዚቃ ጣቢያዎች ላይ ማስታወቂያ እንዲመለስ ለመቀበል ተገድዷል።

ሌላው ምክንያት ወጪ ነው። ሲሪየስ አወዛጋቢውን የራዲዮ ሰው ሃዋርድ ስተርንን ለማምጣት በ2004 የአምስት ዓመት፣ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ፈረመ። ኤክስኤም በበኩሉ ለቤዝቦል ጨዋታዎች የ11 ዓመት፣ 650 ሚሊዮን ዶላር ውል ገባ። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ከአድማጭ ኪስ ብቻ ለመሰብሰብ አልተቻለም።

የማስታወቂያው ብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም አድማጭን ያሰለቻል። ያው የግብር ዕዳ አቃላይ፣ ያው የመድን ሻጭ፣ ያው የስልክ ቁጥር በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ይሰማል። ይህም የሚሆነው ሥርጭቱ አገር አቀፍ ስለሆነ ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ምግብ ቤት በሩቅ ግዛት ለሚያዳምጥ ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም። አድማጩ ከመቶ በላይ በሆኑ ጣቢያዎች ስለሚበታተንም ለእያንዳንዱ ጣቢያ የሚደርሰው ቁጥር አነስተኛ ነው። ስለዚህ ጊዜውን በብዛት የሚገዙት የስልክ ጥሪ እየቆጠሩ ትርፋቸውን የሚለኩ ነጋዴዎች ናቸው። ያልተሸጠውን ክፍተት ኩባንያው ስለ ራሱ በመናገር ይሞላዋል፤ ለከፈለ አድማጭ ከሁሉ የሚያናድደው፣ በእኔ ግምት፣ ይኸኛው ነው።

ሁለቱ ተፎካካሪዎች በሐምሌ 2008 ተዋሕደው ሲሪየስ ኤክስኤም ሆኑ። ኮሚሽኑ ውሕደቱን ሲፈቅድ ለሦስት ዓመት መሠረታዊው ዋጋ እንዳይጨምር ገደብ ጥሎ ነበር። ስለ ጣቢያዎቹ ይዘት ግን አድማጭን የሚያስደስት ዋስትና አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ተመሳሳይ ጣቢያዎች ሲጣመሩ ብዙዎች የሚወዱትን አዘጋጅ ወይም ጣቢያ አጡ።

የድምፅ ጥራቱም የራሱ ታሪክ አለው። ለሁለቱም ኩባንያዎች የተሰጠው የአየር ሞገድ በድምሩ 25 ሜጋኸርትዝ ነው፤ ይህም አይጨምርም። አንድ ቧንቧ ለብዙ ቤቶች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ውኃ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ጣቢያ በተጨመረ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የመረጃ መጠን ይቀንሳል። የሁለቱ ኩባንያዎች መቀበያዎች የማይግባቡ ስለነበሩ ከውሕደቱ በኋላ ብዙ ጣቢያዎች በሁለቱም ሥርዓት በእጥፍ መተላለፍ ነበረባቸው። ከሁሉ ያነሰው ድርሻ ለንግግር ጣቢያዎች ይሰጣል፤ አንዳንድ ተናጋሪዎች በቆርቆሮ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ የሚመስለው ለዚህ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያ ልጅም አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱት ኖህ ሳማራ በ1990 የመሠረቱት ወርልድስፔስ ከኤክስኤም የመጀመሪያ ባለድርሻዎች አንዱ ነበር። የእርሳቸው ትኩረት ግን አፍሪካና እስያ ነበር። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይታቸው በጥቅምት 1998 ወደ ኅዋ መጠቀች። ዋና መሥሪያ ቤቱ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሆነ። ወርልድስፔስም ወደ ወርሃዊ ክፍያ ዞሮ ነበር፤ ሆኖም መቀበያው ውድ ነበር፣ አንቴናውም በግልጽ ወደ ሳተላይቱ መዞር ነበረበት፤ በጉዞ ላይ ላለ አድማጭ አልተመቸም። ኩባንያው በጥቅምት 2008 የኪሣራ ከለላ ጠየቀ። ሲሪየስ ኤክስኤምም በጥቂት ወራት ልዩነት ከዚያው አፋፍ ደርሶ በሊበርቲ ሚዲያ የ530 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተረፈ። ከመኪና ፋብሪካዎች ጋር የነበረው ውል ደንበኛ ማምጣቱን ቀጠለ፤ ወርልድስፔስ እንዲህ ያለ በር አልነበረውም።

ዛሬ በሳተላይቱ ዘርፍ ከማስታወቂያ የሚገኘው ገቢ ከአባላት ክፍያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። በ2023 ከ200 ሚሊዮን ዶላር በታች ሲሆን፣ የአባላት ክፍያ ከስድስት ቢሊዮን ይበልጣል። ደንበኛው ግን የሚከፍለው በማስታወቂያ የተነገረውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ሙዚቃ ባለባቸው አማራጮች ላይ የሙዚቃ መብት ክፍያ ለብቻው ይታከላል። በአሜሪካ የተለመደው ኤፍኤም ራዲዮ ለድምፃውያን አይከፍልም፤ የሳተላይት ራዲዮ ግን ከ2018 ጀምሮ ከገቢው 15.5 በመቶ እንዲከፍል ተወስኗል። መውጣትም እንደ መግባት ቀላል አልነበረም፤ አንድ የኒው ዮርክ ዳኛ በ2024 የኩባንያው የውል ማቋረጫ አሠራር የፌዴራል ሕግን እንደጣሰ ወስነዋል።

ኩባንያው በ2025 ከሰባት ዶላር በታች የሚያስከፍል፣ ማስታወቂያ ያለበት አዲስ አማራጭ አስታውቋል። በዚህ አማራጭ ማስታወቂያው ወደ ሙዚቃውም ይመለሳል።