የጢም አረፋ አመታት

አባቴ እሑድ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ውሃ አቅራቢው እኔ ነበርኩ። ለብ ያለ ውሃ በጣሳ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለች ክብ መስታወት፣ ጠጉሯ የሳሳ ብሩሽ። ፊቱ ላይ የሚቀባው አረፋ ብዙ አልነበረም። እንደ ቀጠነ እርጎ ስስ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ምላጩም ሰተት እያለ ይወርዳል። ተራው የእኔ ሲሆን ዓይኔና አፍንጫዬ ብቻ እስኪቀሩ ጥጥ የመሰለ አረፋ ቆለልኩ። እንዲያም ሆኖ አንገቴ ተቃጠለ፣ አገጬም ደማ። ምክንያቱ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፦ የቆለልኩት አብዛኛው አየር ነበር።

ምላጩን የሚያንሸራትተው በስለቱና በቆዳው መሀል የሚቀረው ስስ የሳሙናና የውሃ ሽፋን ነው። ከላይ የተከመረውንማ ስለቱ ገና ሲነካው ገፍቶት ያልፋል። ስለዚህ የአረፋው ቁመት ብዙ አይነግረንም፤ መታየት ያለበት ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ነው።

ጢሙም ራሱ ውሃ ይፈልጋል። ደረቅ ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ይለሰልሳል፣ ስለቱም ብዙ ሳይታገል ይቆርጠዋል። ለዚህ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል። የፊት ወዝ ውሃውን ስለሚከለክለው አስቀድሞ በሳሙና መታጠብ ደግ ነው። ገላ ከታጠቡ በኋላ መላጨት የሚቀለው በዚህ ምክንያት ነው።

የገላ ሳሙናም አረፋ አያጣም፤ ግን ቶሎ ይከስማል፣ አንዱን ጉንጭ ላጭተው ሳይጨርሱ ሌላው ላይ ይደርቃል። የጢም ሳሙና ሲሠራ ስቴሪክ አሲድ በብዛት ይገባበታል፤ አረፋውን ጥቅጥቅ አድርጎ የሚያቆየው እሱ ነው። ከዚህ ሌላ፣ የገላ ሳሙና በአብዛኛው የሶዲየም ሳሙና ሲሆን የጢም ሳሙናና ክሬም ውስጥ የፖታሲየሙ ይገባል፤ ይህኛው ለስላሳ ነው፣ በውሃም ቶሎ ይሟሟል። ግሊሰሪን ደግሞ እርጥበት ይይዛል። ሳሙና ሲገዙ ከፊት ለፊቱ ሥዕል ይልቅ ከጀርባው እነዚህን ስሞች መፈለግ ይሻላል።

አብሽ ሲመታ ያየ ሰው የአረፋው አመታት አይቸግረውም። አብሽ ላይ ውሃ በአንዴ አይገለበጥም፤ ጠብ እየተደረገ ይመታል፣ እየነጣ እየተኩረፈረፈም ይመጣል። ብሩሹ ውሃ ውስጥ ይነከርና ይራገፋል። ከዚያ ሳሙናው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አራት አምስቴ አዙሮ ይተወዋል። ሳሙና ያነሰው አረፋ ደግሞ ውሃ መሸከም አይችልም። ብሩሹ ወፍራምና የሚጣበቅ ነገር ከያዘ በኋላ ፊት ላይ እየዞረ ይታሻል፤ ጫፉ ብቻ ውሃ ይነካና እንደገና ይታሻል፤ ደግሞ ይነካል፣ ደግሞ ይታሻል። መጀመሪያ ላይ አረፋው ነጭና ደብዛዛ ነው። ውሃው እየገባ ሲሄድ ትልልቆቹ ፊኛዎች ይጠፋሉ፣ ላዩም ማብረቅረቅ ይጀምራል። ብሩሹ ሲነሳ የአረፋው ጫፍ ቀጥ ብሎ ከቆመ ውሃ ይቀረዋል፤ ጎንበስ ካለ ደርሷል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ሲታሽ እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ማሙለጭለጭ አለበት። ወደ አንገት መንጠባጠብ ከጀመረ ውሃ በዝቶበታል፤ ብሩሹን ወደ ሳሙናው መመለስ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እምቢ የሚልበት አገር አለ። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ሳሙናውን ይይዝና ወደማይሟሟ ዝቃጭ ይለውጠዋል። እዚያ አንድ ማለዳ አሥር ደቂቃ ሙሉ ብሩሽ ሳሽከረክር ቆይቼ ያገኘሁት የተቋጠረ ወተት የመሰለ ነገር ነው። ሳሙና መጨመር ይረዳል። ውሃውን አፍልቶ፣ አሳርፎ፣ ከላይ ከላዩ መቅዳትም ጥቂት ያለዝበዋል። ለአንድ ጊዜ መላጫ አንድ ብርጭቆ ስለሚበቃ የዝናብ ውሃ ያጠራቀመ ሰው ከሁሉም ተሽሎ ይላጫል።

በቆርቆሮ የሚሸጠው አረፋ ደግሞ በጋዝ የተነፋ ነው። ለቸኮለ አይከፋም፤ ፊትን በደንብ አርጥቦ ከቀቡት በኋላ በእርጥብ ጣት ማሸት ያሻሽለዋል።

ጢሙ ጥቅልል የሆነ ሰው ግን ከአረፋ ብዙ አይጠብቅ። የተቆረጠው ፀጉር ጫፍ ተጠምዝዞ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ያ የምናውቀው እብጠት ይወጣል። እንዲህ ላለው ሰው ቆዳን ሳይወጥሩ፣ ጢሙ በሚያድግበት አቅጣጫ አንዴ ብቻ መላጨት ይሻላል። ያም ካልሆነለት በቶንዶስ አሳጥሮ ቢተወው እመክራለሁ።

አባቴ ምላጩን የሚጠርገው በጋዜጣ ቁራጭ ነበር። አረፋው ያረፈበት ወረቀት ወዲያው ይርስና ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ወደ ፊት ይታይ ነበር። የእኔው ግን እንደ ጥጥ ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀር ነበር።