ዶሮን በቤት ማርባትና ለጓሮ አትክልት የሚሰጠው ጥቅም

በብዙ ቤት ዶሮ የምትረባው ለዕንቍላሏና ለሥጋዋ ብቻ ነው። ነገር ግን ጓሮ ላለው ቤተ ሰብ ከእነዚህ የማያንስ ሦስተኛ ጥቅም አላት፤ ይኸውም ዐፈርን ማዳበር ነው። የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ይህ ነገር በጉልህ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዷ ስለ ሆነች፥ ጉዳዩን በእርስዋ ምሳሌነት መመልከት ይጠቅማል።

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የተመሠረተች፥ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ናት። ዝናሙ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ገደማ ይዘንማል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ምድሩ ይደርቃል። በገበያዋ ከሚሸጠው ዕንቍላልና አትክልት ብዙው የሚመጣው ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል ነው። 192 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኒሙሌ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልት ለብሶ ቢጠናቀቅም፥ በሐምሌ 2016 በከተማዋ ውጊያ በተነሣ ጊዜ የመንገዱ ጉዞ ታውኮ ነበር። ገበያን ብቻ ተማምኖ የሚኖር ቤት እንደዚህ ባለው ጊዜ ማእዱ ይጐድላል። በጓሮው ባሚያና በአገሩ ኹድራ የሚባለውን ቅጠል የዘራ፥ ጥቂትም ዶሮዎች ያሉት ቤት ግን ለልጆቹ የሚያቀርበው ነገር አያጣም።

በሞቃት አገር የዐፈር ልም ቶሎ በስብሶ ያልቃል፤ የቀረውንም ኀይለኛ ዝናም ያጥበዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ካልተተካ መሬቱ ይደክማል። የዶሮ ኩስ ከከብት ፍግ ይልቅ በናይትሮጅንና በፎስፎረስ የበለጸገ ነው፤ ምክንያቱም የዶሮ ሽንት ለብቻው ሳይፈስ ከኩሱ ጋር ባንድነት ስለሚወጣ ነው። አንዲት ዶሮ በቀን እስከ 100 ግራም የሚደርስ እርጥብ ኩስ ትጥላለች። ስድስት ዶሮዎች ያሉት ሰው በዓመት 200 ኪሎ ያህል ያገኛል ማለት ነው፤ ግማሹን ብቻ ቢሰበስብ እንኳ 100 ኪሎ ይሆንለታል።

ይሁን እንጂ እርጥቡን ኩስ በቀጥታ ከተክል ሥር ማድረግ ሥሩን ያቃጥላል። አስቀድሞ ብስባሽ እንዲሆን ማድረግ ይገባል። ከቆጡ ሥር ገለባ፥ ደረቅ ቅጠል ወይም የለውዝ ቅርፊት ይነጠፋል፤ ይህም ከኩሱ ጋር በየሳምንቱ ተጠርጎ ይከመራል። ለአንድ እጅ ኩስ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ገለባ ይበቃል። ክምሩ ቁመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ያህል ይሁን፤ እርጥበቱ ታጥቦ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይሁን፤ በየሳምንቱም ይገላበጥ። ከውስጥ እየጋለ ሄዶ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ጥቍር፥ የዐፈር ሽታ ያለው ብስባሽ ይሆናል። በበጋ ውሃ ይርከፈከፍበት፤ በዝናም ጊዜ ይሸፈን። የምድጃ አመድን ከእርጥብ ኩስ ጋር መቀላቀል አይገባም፤ አመድ ናይትሮጅኑን ወደ ነፋስ ያባርረዋልና። አፍንጫን የሚሰነፍግ ሽታ የዚህ ጥፋት ምልክት ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብስባሽ ይበቃል።

ዶሮ በእግሯም ትሠራለች። አበው «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ቢሉም፥ በጊዜው ከሆነ መጫሯ ለጓሮው ጥቅም ነው። ሰብል ከተነሣ በኋላና ከመዝራት በፊት ወደ መደቡ ብትገባ ትሉን፥ ፌንጣውንና የዐረሙን ዘር እየለቀመች ትበላለች። ቡቃያ በወጣ ጊዜ ግን ያው እግር ጠላት ይሆናል። ስለዚህ ጓሮውን በአጥር ለሁለት ከፍሎ፥ አንዱ ሲዘራ ዶሮዎቹን በሌላው ማሰማራት መልካም ነው። የወጥ ቤት ትርፍራፊና የተነቀለው ዐረም ለእነርሱ ይሰጣል፤ እነርሱም ኩስ አድርገው ይመልሱታል። ሳይበስል የሚበላና ዐፈር የሚነካው ቅጠል፥ እርጥብ ኩስ በነካው መደብ ላይ ከተተከለ፥ ኩሱ ከወደቀበት ቀን አንሥቶ 120 ቀን ሳይሞላ መቀጠፍ የለበትም፤ በኩሱ ውስጥ ሰውን የሚያሳምም ተሕዋስ ሊኖር ይችላልና።

ስለ ጤና ሌላም ጥንቃቄ አለ። በኢትዮጵያ ገጠር ስለሚኖሩ ሕፃናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፥ ዶሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች በቁመት ዕድገት የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል፤ ዶሮዎቹ ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድሩበት ግን ዕድገታቸው ያነሰ ነበር። ስለዚህ የዶሮው ቤት ከመኖሪያው ተለይቶ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ ጥላ ባለበት ስፍራ ይሠራ። ሸለምጥማጥ እንዳይገባበት ሌሊት ይዘጋ። ሙቀት ሲበረታ ዶሮ ዕንቍላል መጣል ስለምትቀንስ ንጹሕ ውሃ አይለያት። ኩስ የነካ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ይህን ሁሉ ድካም በጥቂት ቀን ከንቱ የሚያደርገው ፈንግል የተባለው በሽታ ነው፤ በአንድ ሳምንት የዶሮ ቤቱን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። ከያዘ በኋላ መድኀኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ብቻ ነው። ሙቀትን የሚችለው አይ ሁለት የተባለው ክትባት በዐይን አንዲት ጠብታ እየተደረገ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይሰጣል። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ከሌሎቹ ሳትቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። በበሽታ የሞተችው ወደ ብስባሹ ክምር አትጣል፤ በጥልቅ ትቀበር ወይም ትቃጠል።

ጀማሪ በሦስት ወይም በአራት ዶሮ ቢጀምር ይበቃዋል፤ ቆጡንና የብስባሹን ስፍራ ግን ዶሮዎቹን ከመግዛቱ በፊት ያዘጋጅ። ሹማምንትም ክትባቱ በሽታው ከመግባቱ አስቀድሞ ወደየሰፈሩ እንዲደርስ ቢያደርጉ፥ የብዙ ቤተ ሰብ ማእድ ከጕድለት ይጠበቃል።