ሥራ የፈታ ራውተር በግቢም በጉዞም እንዴት ያገለግላል?

በጋምቤላ ክልል አኝዋሃ ብሔረሰብ ዞን ጎግ ወረዳ በምትገኘው ፑኝዶም ሆነ በሌሎች የክልሉ ከተሞች የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር አይወሰንም። በአንድ ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት፣ የልጆች ማደሪያና ማድ ቤት ተለያይተው ይሠራሉ። የቤቱ ኢንተርኔት ግን የሚሰራጨው በዋናው ቤት ከተቀመጠ አንድ ራውተር ነው። በመሆኑም በማደሪያው ያለ ተማሪ ፋይል ለማውረድ ወደ ዋናው ቤት ደጃፍ ይጠጋል፤ በማድ ቤት ያለ ስልክ ደግሞ ዋይፋዩን ሲያጣ ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ ሞባይል ዳታ ተሻግሮ ጥቅል ይጨርሳል።

በአንጻሩ በአንዳንድ ቤቶችና ሱቆች ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሁለተኛ ራውተር አይጠፋም። በመዳብ የስልክ መስመር ይሰጥ የነበረው አገልግሎት በፋይበር ወይም በሞባይል ኢንተርኔት ሲተካ አሮጌው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከጋምቤላ ከተማ የተመለሰ ሰውም ይዞት ይመጣል። ይህ ዕቃ በአግባቡ ከተስተካከለ ሁለት ተግባር ሊኖረው ይችላል። በግቢ ውስጥ ዋይፋይን ያዳርሳል፤ በጉዞ ላይ ደግሞ ለቤተሰብ ወይም ለሥራ ባልደረቦች የጋራ መረብ ይዘረጋል። አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት የዚህን ዕቃ አቅምና ወሰን ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

ራውተር ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

ራውተር ኢንተርኔት አያመነጭም፤ የመጣለትን ያከፋፍላል። በመንደር ውስጥ ቦኖ ቢበዛ የምንጩ ውኃ እንደማይጨምር ሁሉ፣ ራውተር ቢደራረብም ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም የሚገባው መስመር ፍጥነት አይጨምርም። የሁለተኛው ራውተር ጥቅም ያለውን ወደየደጃፉ ማድረስ ነው። ስለዚህ ከዋናው ራውተር አጠገብ ተቁሞም ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ችግሩ ያለው ከመስመሩ ነው፤ ተጨማሪ ዕቃ አይፈታውም። አጠገቡ ፈጣን ሆኖ በግቢው ጥግ የሚጠፋ ከሆነ ግን መፍትሔው በእጅ አለ።

የዋይፋይ ሞገድ እንደሚያልፍበት ነገር ዓይነት ይዳከማል። የሣር ክዳንና የእንጨት በር ብዙም አያግዱትም። ብሎኬትና ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ በተለይም ግድግዳው በዝናብ ሲርስ፣ በእጅጉ ያዳክሙታል። ቆርቆሮ ደግሞ ብረት በመሆኑ ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቀዋል። በቆርቆሮ በተከበበ ክፍል ውስጥ ያለ ስልክ ከራውተሩ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ መስመር የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁለቱ የተለመዱ የሞገድ ዓይነቶች 2.4 ጊጋኸርዝ ርቆ ይሄዳል፤ ግድግዳንም የተሻለ ያልፋል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም በቅርብ ይቀራል። ቤቶቹ ለተራራቁበት ግቢ የመጀመሪያው ይመረጣል።

በግቢ ውስጥ፦ በገመድ ማገናኘት

አስተማማኙ ዘዴ ሁለቱን ራውተሮች በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት ነው። የተለመደው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ስለሚሠራ ለአብዛኛው ግቢ ይበቃል።

ሥራው የሚጀምረው አሮጌውን ራውተር ወደ ፋብሪካ ይዞታው በመመለስ ነው። በጀርባው ያለችው ትንሽ የ«ሪሴት» ቀዳዳ፣ ዕቃው ኃይል እንዳገኘ፣ በቀጭን ሽቦ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭና ትያዛለች። ከዚያም ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከራውተሩ ጋር ተገናኝቶ በሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው አድራሻ በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ይጻፋል፤ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉም በዚያው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ቀጥሎ አራት ነገሮች ይስተካከላሉ። አንደኛ፣ የዋናው ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የአሮጌው ወደ 192.168.1.2 ይቀየራል፤ ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ቢይዝ መልእክተኛ እንደሚሳሳት ሁሉ መረቡም ይምታታል። ሁለተኛ፣ ለስልኮች ቁጥር የሚያድለው «ዲኤችሲፒ» የተሰኘው አገልግሎት በአሮጌው ላይ ይዘጋል፤ ይህን ሥራ ዋናው ራውተር ብቻ ሊሠራው ይገባል። ሦስተኛ፣ የዋይፋዩ ስም፣ የይለፍ ቃሉና የጥበቃው ዓይነት ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ይደረጋል። አራተኛ፣ ሁለቱ እንዳይረባበሹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻነል 1፣ 6 እና 11 የተለያየ ይመረጥላቸዋል። በመጨረሻም ገመዱ ከዋናው ራውተር ተነሥቶ በአሮጌው ላይ «ላን» ተብሎ ከተጻፈባቸው ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰካል። በመዳብ መስመር ይሠራ የነበረ አሮጌ ሞደምም በዚህ መንገድ ያለ ስልክ መስመር ያገለግላል።

ገመዱ በግቢ ውስጥ በውጭ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ፀሐይና ዝናብ የሚችል ዓይነት መሆን አለበት። በክረምት ነጎድጓድ ሲያስገመግም ገመዱንም የኃይል መሰኪያውንም ነቅሎ መጠበቅ ብልህነት ነው፤ መብረቅ በረጅም ገመድ ገብቶ ሁለቱንም ዕቃዎች ሊያቃጥል ይችላል።

ያለ ገመድ ማገናኘት

ገመድ መዘርጋት በማይቻልበት ግቢ አሮጌው ራውተር «ሪፒተር» በሚባለው አሠራር የዋናውን ሞገድ ተቀብሎ መልሶ ያሰራጫል። ሁሉም ዕቃ ይህን ስለማይችል በቅንብር ገጹ ውስጥ ቃሉ መኖሩ አስቀድሞ ይታያል። የዚህ ዘዴ ዋጋ የፍጥነት መቀነስ ነው። ራውተሩ በአንዱ ሞገድ እየሰማ በዚያው የሚናገር ከሆነ ጊዜውን ለሁለት ስለሚከፍል ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

በዚህ ዘዴ በብዛት የሚታየው ስሕተት ዕቃውን ዋይፋይ ፈጽሞ በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ያልደረሰውን ሊያሰራጭ አይችልምና ትክክለኛው ቦታ በዋናው ራውተርና መስመር በሚጠፋበት ቤት መካከል፣ ሞገዱ ገና ጠንካራ የሆነበት ስፍራ ነው። ከቆርቆሮ ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ በመስኮት አጠገብና ከፍ ባለ ቦታ ቢሆን ይመረጣል።

በገበያ «ሜሽ» ተብለው የሚሸጡት ራውተሮች ከዚህ የሚለዩት እርስ በርስ እየተነጋገሩ ስልኩን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚያሸጋግሩት ነው። ሁለት ተራ ራውተሮች በአንድ ስም ሲሠሩ መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው ስልኩ ራሱ ነው። በመሆኑም ስልኩ ደካማውን ሞገድ ሙጥኝ ብሎ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት በቂ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው «ኦፕን ደብሊውአርቲ» የተሰኘ ሶፍትዌር አንዳንድ አሮጌ ራውተሮችን ለእውነተኛ ሜሽ ያበቃል። ሆኖም ለዚያው ሞዴል ያልተዘጋጀ ፋይል መጫን ዕቃውን ከጥቅም ውጭ ስለሚያደርገው ባለሙያ ቢይዘው ይሻላል።

በጉዞ ላይ

ከፑኝዶ በአቦቦ በኩል ወደ ጋምቤላ ከተማ ለሥልጠና ወይም ለሕክምና የሚሄዱ ሰዎች አንድ ክፍል ተጋርተው፣ በአንድ ሰው ስልክ ዳታ መጠቀማቸው የተለመደ ነው። «ዊስፕ» ወይም «ሪፒተር» የሚል አሠራር ያለው ራውተር የዚያን ስልክ ሆትስፖት ተቀብሎ ለሁሉም ያዳርሳል። ስልኩ የሞባይል ኔትወርክ በሚገኝበት መስኮት ላይ ይቀመጣል፤ ሰዎቹ ግን በክፍሉ ውስጥ ባሉበት ይጠቀማሉ። በሆቴል ዋይፋይም ቢሆን ራውተሩ አንድ ጊዜ ከተገናኘ ሌሎቹ ስልኮች በእሱ በኩል ይገባሉ።

ለጉዞ የራውተሩ አድራሻ የተለየ፣ ለምሳሌ 192.168.50.1፣ ሊሆን ይገባል፤ የሆቴሉ መረብ በተለመደው ቁጥር የሚሠራ ከሆነ መጋጨት ይፈጠራልና። ዲኤችሲፒውም በጉዞ ጊዜ ተመልሶ ይከፈታል። በየጊዜው እንደገና ላለመድከም አብዛኞቹ ራውተሮች ያላቸውን የቅንብር ማስቀመጫ መጠቀም ይቻላል፤ አንዱ ፋይል «ግቢ»፣ ሌላው «ጉዞ» ተብሎ በስልክ ላይ ይቀመጥና እንደ አስፈላጊነቱ ይጫናል።

የዋይፋዩ ስም ግን በጉዞ ላይ ከቤቱ የተለየ መሆን አለበት። ስልኮች ከዋይፋይ ጋር ሲገናኙ ዳታው የማይቆጠር ስለሚመስላቸው መተግበሪያዎችን ማደስና ፎቶዎችን መስቀል ይጀምራሉ። በራውተሩ በኩል የሚገቡት ግን በአንድ ሰው ጥቅል ላይ ነው፤ ጥቅሉም በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። በየስልኩ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ይህ መረብ የሚቆጠር መሆኑን መምረጥና የመተግበሪያዎችን ራስ-ሰር ዕድሳት ማጥፋት ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት በሌለበት ማሳ

ራውተር ኢንተርኔት በሌለበት ቦታም የአካባቢ መረብ ይፈጥራል። ለገበሬዎች ይህ ጠቃሚ ነው። በ2009 ዓ.ም. ከጋምቤላ ጋር በሚዋሰነው ሸካ ዞን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የአሜሪካ መጤ ተምች በመላ አገሪቱ በቆሎ ላይ ሲዛመት፣ ነፍሳቱን ከሌላው ለይቶ ለማወቅ ሥዕልና ቪዲዮ ምን ያህል እንደሚረዳ ታይቷል። አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በከተማ ያወረደውን ቪዲዮ በስልኩ ይዞ ወደ ቀበሌ ቢሄድ፣ ስልኮቹን በራውተሩ አገናኝቶ በፋይል ማጋሪያ መተግበሪያ ያለ ምንም ዳታ ለገበሬዎቹ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስልኮቹ «ኢንተርኔት የለም» ሲሉ ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ መፍቀድ ብቻ ያስፈልጋል።

ኃይል፣ ሙቀትና ጥንቃቄ

የብዙ ራውተሮች ኃይል መስጫ 12 ቮልትና 1 አምፒር ነው፤ ይህም ቢበዛ 12 ዋት ማለት ሲሆን በሥራ ላይ ግማሹን ያህል ይወስዳል። 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ ወደ 74 ዋት-ሰዓት ኃይል ይይዛል። ወደ 12 ቮልት ከፍ በሚያደርግ ገመድ ሲያያዝ የሚባክነው ታስቦ ራውተሩን 9 ሰዓት ገደማ ሊያሠራው ይችላል። የ12 ቮልት የፀሐይ ኃይል ባትሪን በቀጥታ ማገናኘት ግን አይመከርም፤ ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ ከ14 ቮልት በላይ ሊደርስ ስለሚችል ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ቮልቱ ያልገጠመ ኃይል መስጫም ዕቃውን ያበላሻል።

አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለሚደርስ ሙቀት ነው። በጋምቤላ ቆላ በበጋ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ አየር ይህን ሊያልፍ ስለሚችል ዕቃው ነፋስ በሚያገኝበት፣ ከአቧራ በተጠበቀ ቦታ መቀመጥ አለበት።

አሮጌ ራውተር የደኅንነት ዕድሳት ሊቋረጥበት ስለሚችል የመግቢያ የይለፍ ቃሉ የግድ ይለወጣል፤ ጥበቃው ቢያንስ «ደብሊውፒኤ2» ይደረጋል፤ በቁልፍ ብቻ የሚያገናኘው «ደብሊውፒኤስ» ይዘጋል። የቴሌብርም ሆነ የባንክ ምስጢር ቁጥር፣ መረቡ የማንም ይሁን የማን፣ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ዕቃው የመሥሪያ ቤት ወይም የአገልግሎት ሰጪው ንብረት ከሆነም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኢንተርኔትን ከቤተሰብ ጋር መጋራትና ለጎረቤት መሸጥም የተለያዩ ናቸው፤ የቴሌኮም አገልግሎት ለሕዝብ መሸጥ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል።

ዕቃውን ከመጣል ወይም አዲስ ከመግዛት በፊት ወጪ የሌለው ፈተና አለ። አንድ ፋይል ከዋናው ራውተር አጠገብ፣ ቀጥሎም መስመር በሚደክምበት ቤት ይወርድና የወሰደው ጊዜ ይነጻጸራል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ መደርደሪያ ላይ ያለው ራውተርና አንድ ገመድ ሥራውን ይሠራሉ። ልዩነት ከሌለ ግን ገንዘቡ መዋል ያለበት ለተሻለ መስመር እንጂ ለሌላ ራውተር አይደለም።