የለማዳ እንስሳ ምስል፤ በእርሳስ፣ በቀለምና በክር

የዚህ ቻናል ወዳጆች ከሆናችሁት መካከል ብዙዎች፣ ባለፈው ሰሞን የለጠፍሁትን የቡላውን ውሻ ምስል ከተመለከታችሁ በኋላ «ይህ ሥዕል ነው ወይስ ጥልፍ?» ብላችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ፣ ለያንዳንዳችሁ በየግላችሁ አጭር ቃል ከመመለስ ይልቅ ነገሩን ከሥሩ አንሥቼ በአንድ ጽሑፍ ማስረዳት የሚሻል መሰለኝ። ሥዕልም ነው፣ ጥልፍም ነው። አስቀድሞ በእርሳስ ይነደፋል፣ ቀጥሎ ቀለም ይቀባል፣ በመጨረሻም በመርፌና በክር ይሰፋል፤ የሥራው ሁሉ ምሥጢር ግን ለክር የሚገባውን ስፍራ ከማይገባው ለይቶ ማወቅ ነው። በእኔ አስተያየት ክር የሚገባው የእንስሳው ጠጉር አቅጣጫውን በሚለውጥበትና ብርሃን በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ለቀረው ቀለም ብቻውን ይበቃል።

ቀለምንና መርፌን በአንድ ገጽ ላይ ማስተባበር የዛሬ ፈሊጥ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ የቀደሙትን የብራና መጻሕፍቶቻችንን ይመልከት፤ ብራና ፋቂው መፋቂያው ስቶ የቀደደውን ቦታ በክር ወይም በጅማት ሰፍቶ ይዘጋዋል፣ ጸሐፊውም ያንን ስፌት በዙሪያው እየዞረ ቃሉን ይጽፋል፣ እንዲህም ሆነው ቀለምና ስፌት በአንድ ቅጠል ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በእንግሊዝ አገርም በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ወይዛዝርቱ በሐር ጨርቅ ላይ ሥዕል ሲሠሩ፣ ሰማዩንና የሰውን ፊት በውኃ ቀለም እየሣሉ ልብሱን፣ ዛፉንና ሣሩን በሐር ክር ይጠልፉ ነበር፤ የሰው ፊት የሚጠይቀውን ለስላሳ ጥላ መርፌ በቀላሉ አይሰጥምና፣ አከፋፈላቸው ማስተዋል ያለበት ነበር እላለሁ። በዚያው ዘመን የኖረችው ሜሪ ሊንውድ (1755–1845) ግን የታላላቅ ሠዓልያንን ሥራ፣ ከነዚህም የጆርጅ ስተብስን አራዊት ጭምር፣ ጨርቁ እስከማይታይ ድረስ በሱፍ ክር እየሸፈነች ትገለብጥ ነበር፤ ድካሟን አደንቃለሁ፣ መንገዷን አልከተልም። በቻይና አገር የሱጁ ከተማ ጠላፊዎች ደግሞ አንዱን የሐር ክር ወደ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ሰንጥቀው፣ በስስ ሐር ላይ ከፊትም ከኋላም እኩል የምትታይ ድመት ይጠልፋሉ፤ ቋጠሮው የት እንደ ተደበቀ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከእኛም ወገን ኤልያስ ስሜ በሸራ ላይ ክርና አዝራር እየሰፋ ያቆማቸውን ሥራዎች ያየ ሰው፣ መርፌ ከሠዓሊው ብሩሽ ጋር እኩል መቆም እንደምትችል ለመረዳት ሌላ ምስክር አያሻውም።

«ለውሻ ደግሞ ምን ሥዕል ያስፈልገዋል?» የሚሉኝ አረጋውያን አሉ። ለእነርሱ የምመልሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን እመቤታችን በወርቅ ጫማዋ ለተጠማው ውሻ ውኃ ስታጠጣ በሣሉ ጊዜ ውሻውንም በክብር ከሥዕሉ አግብተውታል ብዬ ነው፤ ከዚህ በኋላ ክርክሩ ብዙ አይረዝምም። ከነዚሁ ሠዓልያን ሥርዓት ሌላም የወሰድሁት ነገር አለ፤ እነርሱ ጻድቁን ከነሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን በጎን አዙረው በአንድ ዓይኑ ብቻ ይሥሉታል። እኔ እንስሳን በጽድቅና በኃጢአት አልመዝንም፤ ዳሩ ግን ባለቤቱ ግድግዳውን ቀና ብሎ ባየ ቁጥር ውሻው መልሶ እንዲያየው ስለምፈልግ፣ ፊቱ በመጠኑ ወደ ጎን ዘወር ብሎ ሁለቱም ዓይኖች የሚታዩበትን አቋም እመርጣለሁ። ይህ አቋም የአፍንጫውን ርዝመትና የጉንጩን ጥልቀትም ስለሚገልጽ፣ ፊት ለፊት ከተነሣው ይልቅ ለሠሪው የሚሰጠው ብዙ ነው።

እንግዲህ የሥራው መጀመሪያ ፎቶግራፍ ነውና፣ በዚህ ነገር ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ከሚላኩልኝ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ባለቤቱ ቆሞ፣ እንስሳው ተቀምጦ፣ ከላይ ወደ ታች የተነሡ ናቸው፤ ስልኩም ወደ ፊቱ እጅግ ስለሚጠጋ አፍንጫው ከመጠኑ ገዝፎ፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ሸሽተው ይወጣሉ። በእንስሳው ዓይን ትክክል ዝቅ ብሎ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ በማጉላት፣ ከመስኮት በጎን በሚገባ ብርሃን ማንሣት ይገባል። ፍላሽ ፈጽሞ አይብራ፤ በውሻና በድመት ዓይን ውስጥ ከሬቲናው በስተኋላ ብርሃንን የሚመልስ ንጣፍ ስላለ፣ በፍላሽ የተነሣው ዓይን አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ያበራል፣ ብሌኑና ዙሪያው ተለይቶ አይታወቅም።

ለጨርቅ አቡጀዴ ይበቃል። አዲስ አቡጀዴ ግን ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ማጠንከሪያ ቀለሙን ስለሚገፋ፣ ኋላም እርጥበት ሲያገኘው ስለሚኮማተር፣ በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆና በካውያ ተኩሶ መጀመር ግዴታ ነው። ንድፉን ከገለበጥሁበት በኋላ ከሥሩ ሌላ ሳሳ ያለ ጨርቅ ደርቤ ሁለቱን በአንድነት እወጥራለሁ፤ ብዙ ስፌት የሚሸከም ጨርቅ ብቻውን ከሆነ ይሸበሸባልና። አንዳንዶች በወፍራም ወረቀት ላይ ይሠራሉ፤ እርሱም ያምራል፣ ነገር ግን ቀዳዳው ሁሉ አስቀድሞ በመርፌ ተወግቶ መዘጋጀት አለበት፣ ቀዳዳዎቹም እጅግ ከተቀራረቡ ወረቀቱ በመስመሩ ይቀደዳል።

አሁን ከሥራው ሁሉ አብዝቼ ወደምወደው ክፍል ደረስሁ። ፎቶግራፉን በሚፈለገው መጠን አሳትሜ በመስኮት መስተዋት ላይ አስደግፌ፣ ጨርቁን በላዩ አድርጌ ዋና ዋናውን መስመር በእርሳስ እገለብጣለሁ፤ እጅ ሳይጫን፣ የእርሳሱ ጥቁረት ኋላ ከነጩ ክር ጋር እንዳይነካካ ነው። ከዚያም በሌላ ወረቀት ላይ ያንኑ ፊት ደግሜ ሥዬ፣ ጠጉሩ የሚተኛበትን አቅጣጫ በትናንሽ ቀስቶች እሞላዋለሁ። የውሻ ጠጉር ከአፍንጫው ጫፍ በላይ ይነሣና በአፍንጫው አጥንት ላይ ወደ ግንባሩ ይወጣል፤ ከሁለቱ ዓይኖች መካከል ሲደርስ ይከፈልና እኩሌታው ቅንድቡን ዞሮ ወደ ጆሮው ሥር ይሄዳል፣ እኩሌታው አናቱን አልፎ ወደ ማጅራቱ ይወርዳል፤ በጉንጩ ላይ ያለው ወደ ኋላና ወደ ታች ይተኛል፣ በጆሮው ላይ ያለው ከሥሩ ወደ ጫፉ ይሄዳል። ይህን ካርታ ሳይሠራ መርፌ የሚያነሣ ሰው፣ እጁ በለመደው አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሰፋ፣ ክሩ ምን ያህል ያማረ ቢሆን ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀርበታል።

ቡቺ፣ ያ የምታውቁት ቡላ ውሻ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ ደረቱ ነጭ ነው። በደረቱም ላይ ከግራና ከቀኝ የሚመጣው ጠጉር ተጋጥሞ ሽቅብ የሚቆምበት፣ ከአንድ ጣት የማይበልጥ መስመር አለው፤ በፎቶግራፉ ላይ ግን ነጩ በነጩ ላይ ጠፍቶ አይታይም ነበር። ይህን የነገሩኝ ባለቤቱ ናቸው፤ «ስደባብሰው እጄ ሁልጊዜ እዚያች ላይ ይቆማል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንስሳው በሕይወት ካለ፣ ባለቤቱ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲዳብሰውና እጁ የሚያውቀውን እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ፤ ስልኩ ያልያዘው ብዙ ነገር በመዳፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በቡቺ ምስል ላይ በሦስት ነጠላ ክር ወፍራም ስፌት ያረፈበት ብቸኛው ቦታም ያ የደረቱ መስመር ነው።

ቀለሙ አክሪሊክ ሲሆን በውኃ ቀጥኖ፣ ጨርቁ እንዲጠጣው ሆኖ ይቀባል። ወፍራም አክሪሊክ በጨርቁ ላይ ቆዳ አበጅቶ ስለሚደርቅ መርፌው በጭንቅ ያልፋል፣ የተወጋውም ቀዳዳ አይዘጋም፤ ስለዚህ በስስ ደጋግሞ መቀባት አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ይመረጣል። ለቡላ ጠጉር መካከለኛውን ኅብር ከኦከርና ከጥቂት ቡናማ አዘጋጅቼ ፊቱን ሁሉ እሸፍነዋለሁ፤ ጥላውን ግን በጥቁር አልሠራውም፤ ጥቁር ቀለም ጠጉርን የታመመ ያስመስለዋል፣ ሰማያዊ የገባበት ቡናማ ግን ጥልቀት ይሰጠዋል። ነጭ የምንለው ደረትም በእውነቱ ነጭ አይደለም፤ በጥላው በኩል ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ፣ በመስኮቱ በኩል ወይቦ ነው፤ ንጹሑ ነጭ ለክሩ ይቆያል። ቀለሙ ሲደርቅ በላዩ ጨርቅ ጣል አድርጎ በካውያ መተኮስ ያጸናዋል።

ወደ ክሩ እንምጣ። የጥልፍ ክር ስድስት ነጠላ ክሮች አብረው የተጠቀለሉበት ነው፤ ዲ ኤም ሲ የሚባለው አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ይሆናል፣ እያንዳንዱም ኅብር ቁጥር ስላለው፣ ክሩ ከመካከል ቢያልቅ ያንኑ ቁጥር ጠይቆ ያንኑ ኅብር ማግኘት ይቻላል። 310 የተባለውን ጥቁር ግን፣ እንስሳው ራሱ ጉራቻ ካልሆነ በቀር፣ እምብዛም አላነሣውም። ክሩን በአንድ ክንድ ልክ እቆርጠዋለሁ፤ ከዚህ የረዘመ እንደሆነ በጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር እየተላገ ይሻክራል። ነጠላዎቹንም አንድ በአንድ መዝዞ ለይቶ እንደገና ማጋጠም ይገባል፤ አለዚያ ተጠማዘው ይቀመጣሉ፣ ጠጉርም አይመስሉም። በአፍንጫና በዓይን ዙሪያ በአንድ ነጠላ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ አጭር ስፌት፣ በግንባር ላይ በሁለት ነጠላ እሰፋለሁ፤ ወደ ማጅራትና ወደ ደረት ስወርድ ስፌቱም ይረዝማል።

ከየት እንደሚጀመር ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። የሣር ቤት ክዳን ከታች ከጠርዙ ተጀምሮ ወደ ጉልላቱ እየወጣ የላይኛው የታችኛውን እንዲሸፍን ሆኖ እንደሚከደን፣ የእንስሳም ጠጉር ወደ አፍንጫው የቀረበው ከኋላው ባለው ላይ ስለሚተኛ፣ መርፌው ከጆሮ ጫፍና ከደረት ግርጌ ተነሥቶ ወደ አፍንጫው መጓዝ አለበት። የስፌቶቹ ጫፍ በአንድ መስመር መቆም የለበትም፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዥም ሆኖ፣ ተከታዩ ረድፍ በቀደመው መካከል ይወጋል። በስፌቶቹ መካከልም ቀለሙ እንዲታይ ክፍተት እተዋለሁ። ይህን የማደርገው ከስንፍና አይደለም፤ ክሩ የሚያብለጨልጨው ከአጠገቡ የማያብለጨልጭ ነገር ሲኖር ነው፣ ሁሉ በክር የተሸፈነ እንደሆነ ግን ዓይን የሚያርፍበት ስፍራ አያገኝም። የቡቺ ፊት ግራው ወገን፣ በጥላው በኩል ያለው፣ ከሞላ ጎደል ቀለም ብቻ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ጥልፍ መሆኑን የተጠራጠራችሁትም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዓይንን አልጠልፍም። ሲጠለፍ ያየሁት ዓይን ሁሉ፣ በሱጁ ጠላፊዎች እጅ ካልሆነ በቀር፣ የተለጠፈ አዝራር ሆኖ ታይቶኛል። በቀለም ስሠራው በብሌኑ ዙሪያ ያለው ቀለማም ክብ ከላይ፣ የዓይኑ ቆብ ጥላ በሚያርፍበት በኩል፣ ጠቆር ይላል፣ ከታች ይፈካል። የድመት ሲሆን ደግሞ የብሌኑን ቅርጽ ማጤን ያስፈልጋል፤ በቀትር ብርሃን ጠብቦ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይሆናል፣ በደብዛዛ ብርሃን ይከብባል፤ በቀትር የተነሣችውን ድመት ባለቤቶቿ «ተቆጥታለች» ይሉኛልና የማለዳውን ብርሃን እመክራለሁ። በዚህ ሁሉ መጨረሻ በብሌኑ አናት፣ መስኮቱ በነበረበት አቅጣጫ፣ አንዲት ነጭ ስፌት በነጠላ ክር አሳርፋለሁ። ከዚህች ሌላ በዓይን ውስጥ ስፌት የለም፤ በሁለቱም ዓይን ላይ በአንድ ወገን መሆኗን ካላስተዋሉ ግን እንስሳው ዓይኑ የተንሸዋረረ ይመስላል።

የድመት ጢም ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ በያንዳንዱ ጎን አብዛኛውን ጊዜ 12 ያህል ሆኖ በአራት ረድፍ የበቀለ ነው። ነጠላውን ነጭ ክር በጧፍ ላይ ጎትቼ ሰም አስይዤው፣ በአንድ ረዥም ስፌት ሳላጠብቅ እዘረጋዋለሁ፤ ሰሙ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

እንስሳቸው የሞተባቸው አንዳንድ ሰዎች የጠጉሩን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልለው ያመጡልኝና በምስሉ ውስጥ እንዳስገባው ይለምኑኛል። ልመናው ልብ ይነካል፤ ቢሆንም ጠጉር የብል ምግብ ነው፣ ብል አንድ ጊዜ ከገባም በቤቱ ላለው የሱፍ ልብስ አይራራም። ስለዚህ ጠጉሩ ታጥቦና ደርቆ ከመጣ በትንሽ የመስተዋት ብልቃጥ አሽጌ ከምስሉ ጀርባ አኖረዋለሁ እንጂ ከክሩ ጋር አልሰፋውም።

ስለ ማስቀመጥ የቀረው ጥቂት ነው። በጀርባው በኩል ጥቁር ክር ከነጭ ቦታ ሥር አቋርጦ አይለፍ፣ ከፊት ይታያልና። ክፈፉ መስተዋት ካለው መስተዋቱ ስፌቱን እንዳይጫነው በዙሪያው ውፍረት ያለው ካርቶን ይግባበት። ቀጥተኛ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ አይሰቀል። «ይታጠባል ወይ?» ላላችሁት፣ አይታጠብም፤ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጠጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ማራገፍ ይበቃል።