“ቁርጠት ነው፤ ያልፋል” የሚባለው ሕመም የአንጀት መዘጋት ሊሆን ይችላል

ቀኑን በጤና የዋለ ሰው ሌሊት ላይ ድንገት ሆዱን ይዞ ይነሳል። ሕመሙ መጣ ሄድ ይላል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ያስመልሰዋል። ቤተሰቡ “ቁርጠት ነው፤ ሲነጋ ይሻለዋል” ይላል። ፌጦ ይበጠበጥለታል፤ ሆዱ ይታሻል፤ አንዳንዴም ሆዱን እንዲያጥብለት ተብሎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጠዋል። አብዛኛው የሆድ ቁርጠት በእርግጥም በራሱ ያልፋል። የአንጀት መዘጋት ግን ቤት ውስጥ ተጠብቆ የሚታለፍ ሕመም አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

የአንጀት መዘጋት ምንድን ነው?

የአዋቂ ሰው ትንሹ አንጀት ወደ 6 ሜትር፣ ትልቁ አንጀት ደግሞ ወደ 1 ሜትር ተኩል ይረዝማል። ምግብ፣ ፈሳሽና አየር በዚህ ረጅም መተላለፊያ የሚጓዙት የአንጀት ጡንቻዎች በየተራ እየተኮማተሩ ወደፊት ስለሚገፏቸው ነው። መተላለፊያው አንድ ቦታ ላይ ሲዘጋ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ይጠራቀማል። አንጀቱ የተዘጋውን ለማለፍ አጥብቆ ሲገፋ ሕመሙ ይበረታል፤ ሲያርፍ ጋብ ይላል።

ችግሩ በሰገራ አለመውጣት ብቻ አያበቃም። ከምራቅ፣ ከጨጓራ፣ ከሐሞት፣ ከቆሽትና ከአንጀቱ ከራሱ በየቀኑ በርካታ ሊትር ፈሳሽ ወደ ምግብ መተላለፊያው ይገባል። ጤናማ አንጀት አብዛኛውን መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። አንጀት ሲዘጋ ግን ፈሳሹ ወይ ሆድ ውስጥ ይታቆራል፣ ወይ በትውከት ይወጣል። ታማሚው አፉ ይደርቃል፤ ሽንቱ ይቀንሳል፤ አቅም ያጣል።

ከሁሉ የከፋው አንጀቱ ሲጠማዘዝ ወይም በጠባብ ቀዳዳ ሲታነቅ የደም ሥሮቹም አብረው ሲዘጉ ነው። ደም ያጣ አንጀት በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። የሞተ አንጀት ይበሳል፤ በውስጡ ያለው ቆሻሻም ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ መላ ሰውነትን የሚመርዝ ብግነት ያስከትላል።

መንስኤዎቹ

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከሚታዩት ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ በተለምዶ “የአንጀት መታጠፍ” የሚባለው ሲሆን፣ አንጀት በራሱ ላይ ሲጠማዘዝ የሚከሰት ነው። በትንሹም በትልቁም አንጀት ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በተለይ በገጠር ነዋሪ ወንዶች ላይ በብዛት ይታያል።

ሁለተኛው መንስኤ ቡአ ነው። በብሽሽት ወይም በእምብርት አካባቢ የሚታይ፣ ሲተኙ የሚገባና ሲቆሙ ወይም ሸክም ሲያነሱ የሚወጣ እብጠት ለዓመታት ያለ ሕመም ሊቆይ ይችላል። ይህ እብጠት አንድ ቀን አልገባም ካለ፣ ከጠነከረና ካመመ አንጀት ታንቆበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። በግድ ገፍቶ ለማስገባት መሞከር አይገባም።

ከዚህ ቀደም ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው፣ ቁስሉ ሲድን በውስጥ የሚፈጠረው ጠባሳ አንጀቶቹን እርስ በርስ ሊያጣብቅ ይችላል። ይህም ከቀዶ ሕክምናው ዓመታት በኋላ ሊከሰት ይችላል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የትልቁ አንጀት ዕጢ ቀስ በቀስ መተላለፊያውን ሊያጠብ ይችላል፤ የሰገራ ልማድ መለወጥ፣ በሰገራ ደም መታየትና ያለ ምክንያት መክሳት ቀድመው የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። በሕፃናት ላይ ደግሞ ብዛት ያለው የወስፋት ትል ተጠላልፎ አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

ምልክቶቹ

አራት ምልክቶች አብረው ሲታዩ የአንጀት መዘጋትን መጠርጠር ይገባል፦

• መጣ ሄድ የሚል ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፤
• ተደጋጋሚ ትውከት፣ በተለይ አረንጓዴ ወይም ሰገራ ሰገራ የሚሸት ከሆነ፤
• የሆድ መነፋት፤
• ሰገራና አየር ማውጣት አለመቻል።

አራቱም እስኪሟሉ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። መዘጋቱ ከላይ፣ በትንሹ አንጀት ላይ ከሆነ ትውከቱ ይቀድማል፤ የሆዱ መነፋት ያን ያህል ላይጎላ ይችላል። ከታች፣ በትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን ሆድ በጣም ይነፋል፤ ትውከቱ ዘግይቶ ይመጣል። ከተዘጋው ቦታ በታች የነበረ ሰገራ ሊወጣ ስለሚችልም፣ ታማሚው አንድ ጊዜ መጸዳዳቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

መጣ ሄድ ይል የነበረው ሕመም ፋታ የማይሰጥ ሲሆን፣ ሆድ ሲነካ የማያስችል ሲሆን፣ ትኩሳት፣ ፈጣን የልብ ምት ወይም መፍዘዝ ሲጨመር አንጀቱ እየሞተ ሊሆን ይችላል። አንጀት ሲበሳ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ የሚልበት አጋጣሚም አለ። ሆዱ እንደተነፋ፣ ሰውነቱም እየደከመ “ተሻለኝ” የሚል ታማሚ ድኗል ተብሎ ሊተው አይገባም።

በሕፃናት ላይ

ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት፣ በተለይም በመጀመሪያው ዓመት፣ አንዱ የአንጀት ክፍል በሌላው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሕፃኑ ድንገት እየጮኸ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፤ ጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብሎ እንደገና ያለቅሳል፤ ያስመልሰዋል። በኋላ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ሰገራ ሲወጣው በተለመደው ተቅማጥ ሊሳሳት ይችላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን አረንጓዴ ትውከት ካስመለሰው ወይም በተወለደ በሁለት ቀን ውስጥ ሰገራ ካልወጣው ያለ መዘግየት በሐኪም መታየት አለበት።

ምን ይደረግ? ምን አይደረግ?

የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ኮሶም ሆነ ሌላ የሆድ ማጠቢያ መስጠት አደገኛ ነው። የተዘጋን አንጀት ይበልጥ እንዲገፋ ማስገደድ ሕመሙን ያብሳል፤ የመበሳት አደጋውንም ይጨምራል። ሆድን አጥብቆ ማሸትም እንዲሁ። ታማሚው ሐኪም እስኪያየው ምግብም መጠጥም ባይወስድ ይመረጣል፤ የሚያስመልሰው ከሆነ ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ ማስተኛት ይገባል።

ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለጤና ጣቢያ ደውሎ አምቡላንስ መጠየቅ፣ መኪና በማይገባበት ቦታ ደግሞ ታማሚውን በቃሬዛ ወደ መንገድ ማውጣት ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያው በደም ሥር ፈሳሽ ሰጥቶ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ሲል ቤተሰብ “እስኪ ነገ እንየው” ብሎ ወደ ቤት ሊመልሰው አይገባም። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ማስታወስ፣ የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ወረቀትና የጤና መድን ደብተር መያዝ፣ ደም ሊለግስ የሚችል ዘመድ አብሮ መሄዱም ሥራውን ያፋጥናል።

ሆስፒታል ውስጥ

ሐኪሙ ሆዱን ይመረምራል፤ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ፣ በሚገኝበት ቦታም ሲቲ ስካን ያዛል። በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፤ የተጠራቀመውን ለማውጣት በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ ቱቦ ይገባል። ሁሉም ታማሚ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ በጠባሳ ምክንያት በከፊል የተዘጋ አንጀት በዚህ ሕክምና ሊከፈት ይችላል። ደም የተቋረጠበት አንጀት ግን ፈጥኖ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ታማሚው በጊዜ ከደረሰ አንጀቱን መልሶ መፍታት ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ ከዘገየ የሞተውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት፣ አንዳንዴም ሰገራ በሆድ ግድግዳ በኩል ለጊዜው እንዲወጣ ማድረግ የግድ ይሆናል።

የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ አንዳንድ ጊዜ በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ቱቦ ያለ ቀዶ ሕክምና ይፈታል። ሆዱ በአንድ ጊዜ ስለሚጎድል ብዙ ሰው የዳነ መስሎት ቀጠሮውን ይተወዋል። ይሁን እንጂ የተጠማዘዘው አንጀት ሳይወገድ ከቀረ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በሌሊት በአስቸኳይ ከሚደረገው ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው። ቡአ ያለበት ሰውም እብጠቱ ሳይታነቅ፣ ሥራ በቀለለበት ወቅት ቢታከም የተሻለ ይሆናል።