ሰው በሌለበት ወራት የሚፈተን ቤት

በፊንላንድ የሐይቅ ዳር የበጋ ቤት ሰው የሚኖርበት ለጥቂት ሳምንታት ነው። የብርዱን ወራት ባዶውን ይከርማል። ነዳፊው አስቀድሞ መጨነቅ ያለበትም ለእነዚያ ወራት ነው።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። በደቃቅ አፈር ውስጥ ግን በረዶ የሆነው ውሃ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ሽቅብ እየሳበ ይወፍራል፤ አፈሩንም፣ በላዩ የቆመውንም ቤት ያነሣል። አነሣሡ ደግሞ እኩል አይደለም፤ ሲቀልጥም እኩል አይወርድም። ግድግዳ የሚሰነጠቀው፣ በር አልገጥም የሚለው በዚህ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚሞቅ ቤት ከወለሉ በሚያመልጠው ሙቀት መሬቱን በመጠኑ ከውርጭ ይጠብቃል፤ እሳት የማይነድበት ቤት ይህ ዕድል የለውም።

አርክቴክቱ አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊንላንዷ የሙራትሳሎ ደሴት ለራሱና ለባለቤቱ ለኤሊሳ የሠራውን የበጋ ቤት «የሙከራ ቤት» ብሎታል። ቦታው አለታማ ነው። ያልተሰነጠቀ አለት እንደ ደቃቅ አፈር ውሃ ስለማይስብ በውርጭ አያብጥም። ከኋላ በተቀጠሉት የእንጨት ክፍሎች ላይ አልቶ የተለመደውን መሠረት ትቶ ቤትን በድንጋዮች ላይ ማሳረፍን ሞከረ።

ይበልጥ የሚታወቀው ግን ግቢው ነው። ከፍ ያለው ግድግዳ ነፋሱን ይመክታል፤ መካከሉ ላይ እሳት የሚነድበት ጉድጓድ አለ። ግድግዳው ወደ 50 በሚጠጉ ክፍልፋዮች የተለያየ ጡብና ሸክላ ተደርድሮበታል፤ የትኛው ለዓይን እንደሚያምር፣ የትኛው አየሩን እንደሚችል ለማየት። ውሃ የጠጣ ጡብ ውርጭ ሲመታው ይላጣልና ሙከራው የቅንጦት አልነበረም።

በሰኔ ማለቂያ እዚያ ቀኑ ከ19 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ፀሐይዋ ግን ቀትር ላይ እንኳ ከአድማስ 51 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች፤ አዲስ አበባ ላይ በዚያው ሰሞን 76 ዲግሪ ያህል ትደርሳለች። ዝቅ ብላ የምትዞር ፀሐይ ረጅም ጥላ ስለምትጥል፣ ግቢው ዙሪያውን ቢዘጋ ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ይውጠው ነበር። አልቶ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ከፈተው። ጡቡ የማታዋን ፀሐይ ይሞቃል፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ይመልሳል። በፀሐይ ኃይል ቤቱን የማሞቅ ሐሳብም ነበረው፤ ከሐሳብ ግን አላለፈም።

ቤቱ ዛሬ በበጋ ለጎብኚዎች ይከፈታል። የመሄድ ዕድል የገጠመው አንባቢ ጡቦቹን አይቶ ሲጨርስ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ የእንጨት ክፍሎቹ ምን ላይ እንዳረፉም ይመልከት።